የጆሮ አኩፓንክቸርን በሱስ ማገገሚያ ፕሮግራም ውስጥ በአግባቡ ለመጠቀም የሚረዳ መመሪያ

ከአልኮል ወይም ከሄሮይንና መሰል ኦፒዮይዶች ለመላቀቅ ወደ ሕክምና ማዕከል የሚመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም፤ ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ትንሹም ትልቁም ነገር ያበሳጨዋል። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለን ሰው ክብ ሠርተው ከተቀመጡ እንግዶች መካከል አስቀምጦ «ስለ ራስህ ንገረን» ማለት ብዙ ጊዜ በሩን ከፍቶ እንዲወጣ ከመገፋፋት አይለይም። በአሜሪካ ባሉ ብዙ የሱስ ሕክምና ማዕከላት ውስጥ በሁለቱም ጆሮዎች ላይ አምስት አምስት ቀጫጭን መርፌዎች ተደርገው ሰዎች ለ45 ደቂቃ ያህል በጸጥታ አብረው የሚቀመጡበት፣ የጆሮ አኩፓንክቸር የተባለ ሥርዓት የተለመደው በዚህ ምክንያት ነው። መርፌው ሱስን አይነቅልም። በደንብ ከተሠራበት ግን ሰውየው ነገም ተመልሶ እንዲመጣ፣ ዋናውን ሕክምና እስኪለምድ ድረስም ከማዕከሉ እንዳይርቅ ሊያግዝ ይችላል፤ ይህ መመሪያም የሚነሣው ከዚሁ መጠነኛ ግብ ነው።

አሠራሩ የተገኘው ሳይታሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በሆንግ ኮንግ ክዎንግ ዋህ ሆስፒታል የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ኤች. ኤል. ዌን አኩፓንክቸርን ከኤሌክትሪክ ንዝረት ጋር አጣምረው ለቀዶ ሕክምና ማደንዘዣነት ሲሞክሩ፣ ከሕሙማኑ መካከል ኦፒየም ተጠቃሚ የነበሩት የማቋረጥ ሕመማቸው እንደቀለለላቸው ተናገሩ፤ ሐኪሙም ያዩትን በ1973 አሳተሙ። ወሬው ኒው ዮርክ ሲደርስ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ቦታ አገኘ። በደቡብ ብሮንክስ በሚገኘው ሊንከን ሆስፒታል ያንግ ሎርድስ የተባሉት የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ ወጣቶች ከጥቁር አሜሪካውያን ታጋዮችና ከሆስፒታሉ ሠራተኞች ጋር ሆነው በኖቬምበር 1970 ለአካባቢው ሕዝብ የሱስ ሕክምና ክፍል አስከፍተው ነበር። ይህ ክፍል መጀመሪያ ላይ ሄሮይንን በሚተካ ሜታዶን በተባለ መድኃኒት ይሠራ ነበር፤ በ1974 ገደማ አኩፓንክቸርን ጨመረ፤ ከጊዜ በኋላም የኤሌክትሪኩን ንዝረት ትቶ በመርፌ ብቻ መሥራት ጀመረ። የክፍሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም የነበሩት ማይክል ስሚዝና ባልደረቦቻቸው በ1985 ብሔራዊ የአኩፓንክቸር ዲቶክስ (ሰውነትን ከዕፅ የማላቀቅ) ማኅበርን ሲመሠርቱ አምስቱ የጆሮ ነጥቦች ወጥ ሥርዓት ሆነው በሥልጠና የሚሰጡ ሆኑ። በ1989 በማያሚ የተጀመረው የመጀመሪያው የአደንዛዥ ዕፅ ፍርድ ቤትም ተከሳሾችን ከእስር ይልቅ ወደ ሕክምና ሲመራ አኩፓንክቸርን ከአገልግሎቶቹ አንዱ አድርጎ ይዞ ነበር።

ማስረጃው ምን ይላል?

ፕሮግራም የሚመራ ሰው ለደንበኞቹም ሆነ ለአለቆቹ ከመናገሩ በፊት ጥናቶቹን በቅጡ ማወቅ ይኖርበታል። በ1989 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በወጣና በተደጋጋሚ ያገረሸባቸውን 80 የአልኮል ሕሙማን ባሳተፈ ጥናት፣ መርፌው በትክክለኛዎቹ ነጥቦች ላይ የተደረገላቸው ሰዎች ሕክምናውን የማጠናቀቃቸው ዕድል በሌላ ቦታ ከተወጉት በእጅጉ የበለጠ ሆኖ ተገኝቶ ነበር። ሆኖም ከዚያው የተመራማሪዎች ቡድን በ2002 የወጣውና 503 ሰዎችን ያካተተው ትልቅ ጥናት ያንን ልዩነት ማየት አልቻለም። ለኮኬይንም የሆነው ተመሳሳይ ነው፤ በ2000 የታተመው 82 ሰዎችን የያዘ ጥናት ተስፋ ሰጪ ነበር፤ በ2002 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣውና በ620 ሰዎች ላይ የተካሄደው ጥናት ግን ትክክለኛው መርፌ በሌላ የጆሮ ቦታ ከተወጋ መርፌም ሆነ ዘና የሚያደርግ ቪዲዮ ከማየት የተሻለ ውጤት እንዳላስገኘ አሳየ። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2006 የኮኬይን ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምርም ውጤታማነቱን የሚያረጋግጥ ነገር አላገኘም።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ «በአኩፓንክቸር ሱስ እናድናለን» ብሎ የሚያስተዋውቅ ማዕከል ቢያጋጥምዎ ገንዘብዎን ሳይከፍሉ ቢመለሱ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ትክክለኛው ነጥብና ሌላው ነጥብ ያን ያህል የማይለያዩ ከሆነ፣ ሰዎች «ቀለለኝ፣ ተኛሁ፣ ተረጋጋሁ» የሚሉት ነገር አብዛኛው የሚመጣው ከክፍሉ ጸጥታ፣ ከሚቀበላቸው ሰው ፊትና ሳይጠየቁ አብሮ ከመቀመጥ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መርፌውን በጥንቃቄ እየያዙ ክፍሉን የትም ቦታ፣ እንዴትም አድርጎ ማዘጋጀት ሥራውን ከመሠረቱ ማበላሸት ነው።

ከመርፌው በፊት የሚቀድሙ ነገሮች

በመጀመሪያ መርፌ ማን ሊወጋ እንደሚችል ሕጉን ይመልከቱ። በአሜሪካ ይህ እንደየግዛቱ ይለያያል፤ ካሊፎርኒያን በመሳሰሉ ግዛቶች ፈቃድ ያለው ባለሙያ መሆን ሲያስፈልግ፣ ኒው ዮርክንና ቨርጂኒያን በመሳሰሉት ደግሞ በአምስቱ ነጥቦች ብቻ የሠለጠነ የሱስ አማካሪ ወይም ነርስ በተፈቀደለት ፕሮግራም ውስጥ እንዲሠራ መንገድ ተከፍቷል። የማኅበሩ ሥልጠና በተለምዶ 70 ሰዓት ያህል የሚወስድ ሲሆን፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጊዜ የሚያልፈው በአሠልጣኝ ፊት በእጅ በሚሠራ ልምምድ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የማቀርበው የአወጋግ ገለጻ ያንን ሥልጠና አይተካም፤ የፕሮግራም ኃላፊዎች፣ አማካሪዎችና ቤተሰቦች በክፍሉ ውስጥ የሚደረገውን እንዲረዱና ስሕተት ሲያዩ እንዲለዩ የተጻፈ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የሕክምና ምርመራ ነው፤ እዚህ ላይ መለሳለስ አይገባም። ለብዙ ጊዜ በየቀኑ አልኮል ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንፈራገጥ ሊመጣበት ይችላል፤ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ደግሞ መቃዠት፣ ከፍተኛ ትኩሳትና የልብ መጣደፍ ተከትለው ሕይወቱን አደጋ ላይ ሊጥሉት ይችላሉ። እንደ ዳያዜፓም ያሉ ማረጋጊያ ክኒኖችን አዘውትሮ ሲወስድ የቆየ ሰውም እንዲሁ ነው። ይህን የሚከላከለው በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት እንጂ የጆሮ መርፌ አይደለም። ኦፒዮይድን ማቋረጥ ራሱ ብዙውን ጊዜ አይገድልም፤ አደጋው ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ሰውነቱ ዕፁን መቻሉን ካጣ በኋላ ያገረሸበት ሰው የቀድሞውን መጠን ሲወስድ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል፤ እጅግ ኃይለኛ የሆነው ኦፒዮይድ ፌንታኒል ገበያውን ባጥለቀለቀበት በዚህ ዘመን ደግሞ አደጋው ከወትሮው የከፋ ነው። ስለዚህ ሜታዶን ወይም መሰሉን ቡፕረኖርፊን የሚወስድ ሰው መርፌ ስለጀመረ መድኃኒቱን እንዲቀንስ በፍጹም አይመከርም፤ በእያንዳንዱ ክፍልም ከመጠን በላይ ኦፒዮይድ የወሰደን ሰው ትንፋሽ የሚመልሰው መድኃኒት ናሎክሶን በቅርብ መኖር አለበት።

በመግቢያው ቃለ መጠይቅ ላይ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ፣ ደም ቶሎ የማይረጋለት ሕመም እንዳለበት፣ ከዚህ በፊት መርፌ አይቶ ራሱን ስቶ ያውቅ እንደሆነ፣ በጆሮው ላይ ቁስል ወይም ኢንፌክሽን እንዳለ፣ ሴት ከሆነች ነፍሰ ጡር መሆን አለመሆኗን መጠየቅና መመዝገብ ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡር ከሆነች የእርግዝና ክትትሏን ከያዘው ባለሙያ ጋር ተነጋግሮ መወሰን ይገባል። የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው ደግሞ በኤሌክትሪክ በሚሠራው ዓይነት መታከም የለበትም።

ክፍሉንና ዕቃውን ማዘጋጀት

መደገፊያ ያላቸው ወንበሮች በግድግዳ ዙሪያ ወይም በሰፊ ክብ ይደረደራሉ፤ ሰዎች ፊት ለፊት እንዲፋጠጡ ባይገደዱ ይመረጣል። መብራቱ ደብዘዝ ይላል፤ ስልክ ይዘጋል። ሙዚቃ ካለ ዘፈን የሌለበትና ዝቅ ያለ ይሁን፤ ከመጠጥ ቤት ጋር የሚያያዝ ዜማ ለአንዳንድ ሰው አምሮቱን ለመቀስቀስ ይበቃል። ከዕቃ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ ለአንድ ጊዜ አገልግሎት ብቻ የታሸጉ ከ7 እስከ 15 ሚሊ ሜትር የሚረዝሙ ንጹሕ መርፌዎች፣ በአልኮል የራሰ ጥጥ፣ ደረቅ ጥጥ፣ ጓንትና ያገለገሉ መርፌዎች የሚጣሉበት ሴፍቲ ቦክስ ይበቃሉ። ሊንከን ሆስፒታል እንደ ካሞሚልና ሚንት ያሉ ቅጠሎች የተቀላቀሉበት ሻይ ያቀርብ ነበር፤ ብዙ ማዕከላትም ይህን ልማድ ወርሰዋል። ቡና ግን ከክፍሉ ቢርቅ ይሻላል።

አወጋጉ

ደንበኛው እጁን ታጥቦ፣ የጆሮ ጌጥ ካለው አውልቆ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ባለሙያው ወንበሩ አጠገብ ዝቅ ብሎ ሰላም ይላል፤ የመጀመሪያው ቀን ከሆነ የሚደረገውን በሁለት ዐረፍተ ነገር ያስረዳና ፈቃዱን ይጠይቃል። በዕድሜ ለገፉ ሰው «ጋሼ፣ ዛሬ ምንም መናገር አይጠበቅብዎትም፤ እንደ ቁንጥጫ ያለ ነገር ይሰማዎታል፣ ካልተመቸዎት በማንኛውም ሰዓት ይንገሩኝ፣ ወዲያው አወጣልዎታለሁ» ቢባል ይበቃል። ስለ ታሪካቸው፣ ትናንት ጠጥተው እንደሆነ፣ ቤተሰባቸው ምን እንዳለ በዚህ ወንበር ላይ አይጠየቅም። ይህ ሥርዓት ለተጠራጣሪና ለተሸማቀቀ ሰው የሚመቸው ጥያቄ ስለሌለበት ነው።

ጆሮው በአልኮል ጥጥ ይጠረግና እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ሳይደርቅ ከተወጋ ያቃጥላል። ባለሙያው በአንድ እጁ የጆሮውን ጠርዝ ይዞ ወደ ውጭ ሳብ አድርጎ ይዘረጋል፤ በሌላው እጁ መርፌውን በእጀታው ይይዝና ደንበኛው ትንፋሹን ሲያስወጣ በአንድ አጭር እንቅስቃሴ ያስገባዋል። ጥልቀቱ መርፌው ሳይወድቅ ለመቆም የሚበቃው ብቻ ነው፤ ከአንድ እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ይሆናል። የጆሮውን ለስላሳ አጥንት (ካርቲሌጅ) ወደ ኋላ መብሳት አይገባም።

ከአምስቱ ነጥቦች ሼን ሜን የሚባለው በጆሮው የላይኛው ክፍል ባለው ባለ ሦስት ማዕዘን ጎድጓዳ ውስጥ ይገኛል። የሲምፓቴቲክ ነጥብ ከዚያ ጎድጓዳ ሥር ያለው ጠባብ ሸንተረር ወደ ፊት ሄዶ በተጠቀለለው የጆሮ ጠርዝ በሚሸፈንበት ቦታ ላይ ነው፤ ብዙ ሰዎች ከሁሉም የበለጠ ቁንጥጫ የሚሰማቸው እዚህ ነው። ከጆሮው ቀዳዳ አጠገብ ባለው ትልቅ ጎድጓዳ የላይኛ ክፍል የኩላሊትና የጉበት ነጥቦች ይገኛሉ፤ ኩላሊቱ ከላይ ከሸንተረሩ ሥር፣ ጉበቱ ደግሞ ወደ ኋለኛው ጠርዝ ተጠግቶ ይቀመጣል። የሳንባ ነጥብ በዚሁ ትልቅ ጎድጓዳ ታችኛ ክፍል፣ ከቀዳዳው ኋላ ነው። ስሞቹ ከቻይና ባህላዊ ሕክምና የመጡ ናቸው፤ የጉበት ነጥብ ስለተወጋ የጉበት በሽታ ይታከማል ማለት እንዳልሆነ፣ በተለይ ሄፓታይተስ ላለበት ሰው፣ በግልጽ መንገር ያስፈልጋል።

አንድ መርፌ እጅግ የሚያም ከሆነ ወዲያው ማውጣት ወይም በጥቂቱ ማዛወር ነው፤ ሰውየው እንዲችለው መለመን ተገቢ አይደለም። አምስቱን ያልፈለገ በሦስት፣ ሁለቱን ጆሮ ያልፈለገ በአንድ ሊጀምር ይችላል። በእያንዳንዱ ሰው ላይ የገባው የመርፌ ብዛት ወዲያውኑ በወረቀት ይጻፋል።

ከዚያ በኋላ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። አንዳንዱ ያንቀላፋል፣ አንዳንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል፣ አንዳንዱ እንባው ይመጣል። ለሚያለቅሰው ሰው ሶፍት ማቀበል እንጂ «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ሌላው ሁሉ ዞር እንዲል ማድረግ አይገባም። ባለሙያው ከክፍሉ አይወጣም። ፊቱ የገረጣ፣ ግንባሩን ያላበው ወይም የማቅለሽለሽ ስሜት የመጣበት ሰው ራሱን ሊስት ስለሚችል መርፌዎቹ ቶሎ ወጥተው በጀርባው ይጋደማል፣ እግሩም ከፍ ይደረጋል፤ ሲሻለው ውኃና የሚቀመስ ነገር ይሰጠዋል።

ሲያበቃ መርፌዎቹ አንድ በአንድ ወጥተው በቀጥታ ወደ ሴፍቲ ቦክስ ይገባሉ፤ የወጣው ቁጥር ከገባው ጋር እስኪገጥም ማንም ከወንበሩ አይነሣም። አሥር ገብቶ ዘጠኝ ከወጣ አሥረኛው በፀጉር ውስጥ፣ በኮት አንገት ላይ ወይም ወለሉ ላይ ነው ያለው፤ እስኪገኝ ድረስ መፈለግ ግዴታ ነው። ደም የታየበት ቦታ በደረቅ ጥጥ ለጥቂት ጊዜ ይጫናል፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ደግሞ ረዘም ላለ ጊዜ። ከቀናት በኋላ ጆሮው ቀልቶ ቢያብጥ፣ ቢግልና ቢያም የለስላሳው አጥንት ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

መርፌ ለማይስማማቸው ሰዎች

ዕፁን በመርፌ ይወስድ የነበረ ሰው መርፌ ማየቱ ብቻ ሐራራውን ሊቀሰቅስበት ይችላል። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው፣ ለሚፈሩና ለልጆች በማጣበቂያ ላይ የተቀመጡ ትንንሽ የተክል ዘሮች አሉ፤ ነጥቡ ላይ ተለጥፈው ሰውየው ሲጨንቀው በጣቱ ይጫናቸዋል። ከጥቂት ቀናት በላይ ሳይቆዩ መነሣት አለባቸው፤ ቆዳው ካሳከከ ደግሞ ወዲያው። ከዚህ የተለየው የኤሌክትሪክ መንገድ ነው፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2017 ከጆሮ ጀርባና ዙሪያ የሚገጠምና እስከ 5 ቀን የሚቆይ አነስተኛ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ለኦፒዮይድ የማቋረጥ ሕመም ማቅለያነት ለገበያ እንዲቀርብ ፈቅዷል፤ ይህ ግን በሐኪም ትእዛዝ የሚገኝ ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ደንበኞች የሚታሰብ

በአሜሪካና በአውሮፓ ባሉ ማዕከላት የሚሠሩ ወገኖቻችን ከውጭ ባለሙያዎች ቀድመው ሊያስተውሏቸው የሚችሏቸው ጉዳዮች አሉ። ዐቢይ ጾምን ወይም ረመዳንን የሚጾም ሰው በባዶ ሆዱ ሲወጋ ራሱን የመሳቱ ዕድል ከፍ ስለሚል፣ ለእርሱ ከምግብ በኋላ የሚሆን ሰዓት መመደብ ወይም ጋደም በሚያደርግ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሒጃብ ለምትለብስ ወይም ፀጉሯን ለምትሸፍን ሴት ጆሮዋን ገልጣ ከወንዶች ጋር መቀመጥ ሊከብዳት ስለሚችል፣ ሴት ባለሙያና መጋረጃ፣ ከተቻለም ለሴቶች ብቻ የተለየ ሰዓት ይዘጋጅ። ነገሩ ባዕድ አምልኮ ይሆንብኛል ብሎ የሚሠጋ ሰው ካለ፣ የሚደገም ቃልም ሆነ የሚታመን ነገር እንደሌለበት በአክብሮት ማስረዳት፣ ካልፈለገ ደግሞ ሌላውን ሕክምና ሳይነፈግ መተው ነው። ጠበል ለሚሄድ ሰውም የሚሰጠው ምክር ያው ነው፤ ጠበሉንም መርፌውንም ከመድኃኒቱ ጋር ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላል፣ በመድኃኒቱ ቦታ ግን ሊተካቸው አይገባም።

«ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ሥጋት ከሁሉም ይበረታል። በብዙ ከተማ ያለው ማኅበረሰባችን ትንሽ ስለሆነ አስተርጓሚው የአጎት ልጅ ወይም የቤተ ክርስቲያን ጓደኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ዘመድም ወዳጅም ያልሆነ አስተርጓሚ፣ አስፈላጊ ሲሆንም በስልክ የሚሠራ፣ መጠቀም ይገባል። በአሜሪካ የሱስ ሕክምና መዝገብ ከሌላው የሕክምና መዝገብ የጠበቀ የፌዴራል ሕግ ጥበቃ እንዳለውም በመጀመሪያው ቀን ይነገራቸው። የእንግሊዝኛ ንግግር ለሚከብደው ሰው ደግሞ ይህ ክፍል የተለየ ጥቅም አለው፤ የቡድን ምክሩ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድ ዳር ላይ ተረስቶ ይቀመጥ የነበረ ሰው እዚህ ከማንም እኩል ይሆናል።

ድግግሞሽና ክትትል

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየቀኑ ወይም በሳምንት እስከ 5 ቀን መስጠት የተለመደ ነው፤ ከዚያ ሰውየው ሲረጋጋ በሳምንት ወደ 2 ወይም 3 ጊዜ ዝቅ ይላል፤ ቆይቶም በሚፈልግበት ጊዜ ብቻ ይሆናል። ሰዓቱ ከቡድን ምክሩ በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ተረጋግቶ የተነሣ ሰው ቀጥሎ ያለውን ውይይት የመስማት አቅም ይኖረዋል። መርፌውን ለቅጣት ወይም ለሽልማት ማዋል፣ ለምሳሌ የሽንት ምርመራው ዕፅ ያሳየበትን ሰው ከክፍሉ ማገድ፣ የሥራውን ዓላማ ያፈርሳል፤ ያ ሰው ከሌላው ቀን ይልቅ በዚያ ቀን ነው ወንበሩን የሚፈልገው።

በእያንዳንዱ ቀን ሦስት ነገር ይመዝገብ፤ መጣ ወይስ ቀረ፣ ትናንት ማታ ስንት ሰዓት ተኛ፣ አምሮቱ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው። ከሦስት ወር በኋላ መርፌውን የሚወስዱት ሰዎች ሕክምናቸውን የሚከታተሉበትን መጠን ከማይወስዱት ጋር ያስተያዩ፤ መርፌውን የመረጡት ከጅምሩም የበለጠ ትጋት የነበራቸው ሰዎች ሊሆኑ እንደሚችሉ ሳይዘነጉ። ልዩነት ካልታየ ክፍሉ፣ ሰዓቱ ወይም አቀባበሉ ይለወጥና ለተጨማሪ ሦስት ወር ይሞከር፤ ከዚያ በኋላም ለውጥ ከሌለ ለመርፌውና ለባለሙያው የሚወጣው ገንዘብ የመድኃኒት ሕክምናን ለማስፋት ወይም ለደንበኞቹ መጓጓዣ ቢውል ይሻላል።